በልብ የተጻፈው ሕግና ባሪያው

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ከኦሪት በፊት የነበረው ዘመን «ዘመነ ሕገ ልቡና» እንደሚባል ያውቃል። ዮሴፍ ልብሱን በጲጥፋራ ሚስት እጅ ትቶ ሲሸሽ «አታመንዝር» የሚለው ጽላት ገና አልተሰጠም ነበር፤ ሕጉን ከልቡ አንብቦ ነው ይባላል። ሕግ የተማረ ሰው ደግሞ «የተፈጥሮ ሕግ» የሚባለውን አስተሳሰብ በመጀመሪያው ዓመት ሰምቶ አልፎታል። ሬዲዮ የሚከፍት ሁሉ «ሰብአዊ መብት» የሚለው ቃል በየቀኑ ጆሮው ይገባል። ሦስቱም የአንድ ረጅም ታሪክ ስብርባሪዎች ናቸው።

የታሪኩ ባለቤት የሆነው ሐሳብ ሲነገር አጭር ነው። ደግና ክፉ የሚባለው ነገር ንጉሥ ስላወጀው ወይም ሕዝብ ስለለመደው የሚመጣ አይደለም፤ በሰው ተፈጥሮ ውስጥ አለ፤ ሰውም በአእምሮው መርምሮ ይደርስበታል። ይህ ሐሳብ ብዙ ሰው ከግፍ አውጥቷል። ብዙ ግፍም ሸፍኗል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ታሪኩን ከባሪያው ጎን ቆሞ ቢከተለው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የሐሳቡ ጉልበትም ድካምም በየዘመኑ እዚያ ተፈትኗልና። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 441–43፦ አቴናና ሮማ

ንጉሥ ክሪዮን አዋጅ አስነግሯል፦ ከተማዋን ሊወጋ መጥቶ የሞተው ፖሊኒቄስ አይቀበርም፣ ሬሳው ለውሻና ለአሞራ ይሰጥ። እህቱ አንቲጎኔ ግን ሄዳ በእጇ አፈር አፍሳ በሬሳው ላይ በተነች። ስትያዝም አልካደችም። የንጉሡ አዋጅ ያልተጻፈውንና የማይሻረውን የአማልክት ሕግ ሊሽር አይችልም ብላ ፊት ለፊት ተናገረች። ሶፎክለስ ይህን ቲያትር ለአቴና ሕዝብ ያሳየው በ441 ገደማ ነው። ሬሳ ሳይቀበር ማደሩ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያገራችን አንባቢ የልጅቱን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የሐሳቡ የመጀመሪያ ጉልበት ይኸው ነው፤ ምንም ሥልጣን የሌላት ልጅ በንጉሥ ፊት የምትቆምበት መሬት ይሰጣታል። ድካሙም ሩቅ አልነበረም። በፕላቶ «ጎርጊያስ» ውስጥ ካሊክለስ የተባለ ሰው ይነሣና ተፈጥሮን ጠይቁ ካላችሁስ እንስሳቱን ተመልከቱ ይላል፤ ኃይለኛው ከደካማው የበለጠ ይወስዳል፣ የተፈጥሮ ፍትሕም ይኸው ነው፣ እኩልነት የሚባለውን ደካሞች የፈጠሩት ነው። አንቲጎኔና ካሊክለስ አንድ ምስክር ጠርተው ምስክሩ ለሁለቱም የመሰከረ ይመስላል።

አሪስቶትል ነገሩን ሊያስታርቅ ሞከረ። እሳት በግሪክም በፋርስም እኩል ይነድዳል፣ ሕግ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ ስለዚህ የተፈጥሮ ፍትሕ የሚባል የለም የሚሉ ነበሩ። እሱ ግን ከልማድ የሚመጣ ፍትሕም አለ፣ ከተፈጥሮ የሚመጣም አለ ብሎ መለሰ። እንደሱ ትምህርት እያንዳንዱ ነገር የተፈጠረበት ዓላማ አለው። ዘር ዛፍ ለመሆን ያዘነብላል፤ ሰውም በአእምሮው ለመኖርና ከሌሎች ጋር ለመኖር ያዘነብላል። ለአንድ ነገር በጎ የሚባለውም ወደዚህ ዓላማው የሚያደርሰው ነው። ኋላ የተፈጥሮ ሕግ የሚባለው ሁሉ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ይኸው ሰው ግን «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ሲል ጻፈ። ባሪያ በበዛበት ከተማ ለሚኖር ሰው ባሪያው ሲታዘዝ ማየት የባሪያውን ተፈጥሮ ማየት ሆኖ ተሰማው። ይህች ስሕተት ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ እየተነሣች ታገለግላለች።

ከእሱ በኋላ የመጡት ኢስጦኢኮች የተባሉ ፈላስፎች በተፈጥሮ ባሪያና በነጻ ሰው መካከል የተሰመረውን ድንበር አፈረሱት። ዓለሙን ሁሉ አንድ አእምሮ ይገዛዋል፣ ከዚያ አእምሮ ድርሻ ያልደረሰው ሰው የለም አሉ። ሮማዊው ሲሴሮ ትምህርቱን ወደ ላቲን አመጣው፦ እውነተኛው ሕግ ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ ቀና አእምሮ ነው፤ በሮማም በአቴናም አንድ ነው፤ የትኛውም ሸንጎ ከሱ ነጻ ሊያወጣን አይችልም። በ43 የሥልጣን ተፎካካሪዎቹ አስገደሉት፤ ራሱና የጻፈበት እጁ ተቆርጠው ንግግር ያደርግበት በነበረው አደባባይ ላይ ተሰቀሉ።

ከ57 እስከ 533፦ ሐዋርያውና የሕግ ሊቃውንቱ

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕጉን ሥራ በተፈጥሯቸው ሲፈጽሙ ሕጉ በልባቸው እንደተጻፈ ያሳያሉ፣ ኅሊናቸውም ይመሰክርላቸዋል አለ። የእኛ ሊቃውንት «ሕገ ልቡና» ሲሉ ከዚህ ቃል ጋር ያስተባብሩታል። ከዚህ በኋላ የተፈጥሮ ሕግ የፈላስፎች ብቻ ሳይሆን የምእመናንም ንብረት ሆነ።

የሮማ የሕግ ሊቃውንት በበኩላቸው የሚገርም ነገር ጽፈው ተዉልን። ኡልጲያኖስ በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንዳስተማረው በተፈጥሮ ሕግ ሰው ሁሉ ነጻ ሆኖ ይወለዳል፤ ባርነት የመጣው ሕዝቦች በጋራ ከለመዱት ሕግ ነው። በ533 ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ሕጉን ሲያሰባስብ ይህን አሳብ ይዞት ገባ፤ ባርነት ከተፈጥሮ ጋር የሚጋጭ መሆኑ በግልጽ ተጻፈ። ቀጥሎም በዚያው የሕግ ስብስብ ባሪያ እንዴት እንደሚሸጥ፣ እንዴት እንደሚወረስ በዝርዝር ተደነገገ። አሪስቶትል ባሪያውን በተፈጥሮ ስም አሠረው፤ ሮማውያን በተፈጥሮ ስም ነጻ ነህ ብለውት ሰንሰለቱን ሳይፈቱለት ቀሩ።

13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፦ ፍትሐ ነገሥትና ቶማስ አኲናስ

በግብጽ ኢብን አል-አሳል የተባለ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ አንድ የሕግ መጽሐፍ አሰናዳ። ሐዋርያዊ ቀኖናም የሮማ ነገሥታት ሕግም ገብቶበታል። ወደ ግዕዝ ተመልሶ «ፍትሐ ነገሥት» የተባለው እሱ ነው፤ ትውፊት ትርጉሙን ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ለዘመናት ዳኛ ሲቸገር የሚገለጠው፣ ሊቅ በንባብና በትርጓሜ የሚማረው መጽሐፍ ይህ ነበር።

የዚህን መጽሐፍ 31ኛ አንቀጽ ማንም ሰው ቢያነበው እወዳለሁ። ስለ ባርነትና ስለ ነጻነት ነው። ሲጀምር ነጻነት ከልቡና ሕግ ጋር የተስማማ መሆኑን፣ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻነትን እንደሚጋሩ ይናገራል። ቀጥሎ ግን ጦርነትና የፈረስ ጉልበት አንዱን ለሌላው አገልጋይ እንደሚያደርገው፣ የተማረከውም ለማራኪው ባሪያ እንደሚሆን ይደነግጋል። ባሪያ ነጻ ማውጣትን ያመሰግናል፤ ባርነቱን ግን አይሽርም። የኡልጲያኖስ ሁለት ፊት በግዕዝ ብራና ላይ ያለው እንደዚህ ነው። ይህን አንቀጽ ፊት ለፊቱ ዘርግቶ የፈረደ ዳኛ ሕጉ በገዛ አፉ ተፈጥሮን የሚቃወም ነው ያለውን ነገር እያጸደቀ እንደነበር አስቦ ያውቅ ይሆን? የተፈጥሮ ሕግን ትልቅ ድካም ከዚህ አንቀጽ የተሻለ የሚያሳይ ጽሑፍ አላየሁም፤ እውነቱን ያውጃል፣ እንዲፈጸም የሚያደርግ እጅ ግን የለውም።

ያ መጽሐፍ በዐረብኛ ሲሰናዳ ቶማስ አኲናስ በኢጣልያ ገና ልጅ ነበር። ኋላ የዶሚኒካን መነኩሴ ሆኖ ከ1265 ጀምሮ በጻፈው ታላቅ የነገረ መለኮት ሥራው የተፈጥሮ ሕግን ሙሉ የሥነ ምግባር ትምህርት አደረገው። መነሻው በጎ ነገር መደረግና መፈለግ አለበት፣ ክፉም መራቅ አለበት የሚል ነው። በጎውን ለማወቅ የሰውን ዝንባሌዎች ተመልከት ይላል። ሰው እንደማንኛውም ፍጡር ሕይወቱን ለማቆየት ያዘነብላል፤ እንደ እንስሳ ሁሉ ልጅ ለመውለድና ለማሳደግ፤ ሰው እንደመሆኑ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር እውነቱን ለማወቅና በማኅበር ለመኖር። ከነዚህ ተነሥቶ አእምሮ ትእዛዛቱን ያወጣል።

የዚህን ትምህርት ብርታት ለማየት አንድ ጥያቄ ይበቃል። የተራበ ሰው ከባለጸጋ ጎተራ እህል ቢወስድ ሌባ ነው? አኲናስ አይደለም ይላል፤ የምድር ፍሬ በተፈጥሮ ለሰው ሁሉ ሕይወት የተሰጠ ስለሆነ፣ ችግሩ ግልጽና አጣዳፊ ከሆነ የወሰደው እንደ ሌባ አይቆጠርም። የሰው ሕግ በጎተራው ላይ ቁልፍ ያደርጋል፤ የተፈጥሮው ሕግ ቁልፉ ስለምን እንደተደረገ ይጠይቃል። ራሱን ሲከላከል የገደለ ሰው ጉዳይ ላይም አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል፣ የሚመዘነውም የታሰበው ውጤት እንደሆነ አስተማረ። ዛሬ ሐኪም ለሚሠቃይ በሽተኛ ዕድሜውን ሊያሳጥር የሚችል የሕመም ማስታገሻ ሲሰጥ የሚነሣው ክርክር አሁንም በዚህ መንገድ ይሄዳል።

አኲናስ ድካሙንም አልሸሸገም። ዩልየስ ቄሣር ስለ ጀርመኖች የጻፈውን ጠቅሶ፣ ያ ሕዝብ ስርቆትን ነውር አይለውም ነበር ይላል። ታዲያ በልብ የተጻፈው ሕግ የት ሄደ? ክፉ ልማድ ሊያደበዝዘው ይችላል ብሎ ይመልሳል። መልሱ ቅን ነው፤ ግን ልማድ ያደበዘዘው የማን ልብ ነው የሚለውን የሚወስነው ማን እንደሆነ አይነግረንም።

1511–1551፦ የአሜሪካ ሕንዶችና የቫላዶሊድ ክርክር

ጥያቄው መርከብ ተሳፍሮ ባሕር ተሻገረ። በታኅሣሥ 1511 በሳንቶ ዶሚንጎ አንቶኒዮ ደ ሞንቴሲኖስ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ ለስፔናውያን ባለርስቶች ሲሰብክ፣ እነዚህ የምታሠቃዩአቸው ሕንዶች ሰዎች አይደሉምን ብሎ ጠየቃቸው። ሰሚዎቹ በቁጣ ወጡ። በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፍራንሲስኮ ደ ቪቶሪያ በ1539 ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ ሕንዶች አእምሮ ያላቸው ስለሆኑ የምድራቸውና የንብረታቸው እውነተኛ ባለቤቶች ናቸው፤ ክርስቲያን አለመሆናቸው ይህን መብት አይነጥቃቸውም ብሎ አስተማረ። በዓለም ትልቁ ንጉሠ ነገሥት አገር፣ ከወረራው በሚገኝ ወርቅና ብር በምትከብር አገር፣ አንድ መምህር በክፍል ውስጥ ይህን ማለት መቻሉን ሳስብ ለዚህ ሐሳብ ያለኝ ክብር ይጨምራል።

በ1550 ንጉሠ ነገሥቱ ቻርልስ 5ኛ አዳዲስ ወረራዎች እንዲቆሙ አዝዞ ሊቃውንት በቫላዶሊድ ተቀምጠው እንዲመረምሩ አደረገ። በአንድ ወገን ሁዋን ሂነስ ደ ሴፑልቬዳ ቆመ፤ አሪስቶትልን ራሱ ወደ ላቲን የተረጎመ ሰው ነው። ሕንዶቹ በተፈጥሯቸው ለባርነት የተሠሩ ናቸው፣ ሰውን መሥዋዕት ማድረጋቸውም የተፈጥሮን ሕግ መጣስ ስለሆነ ልንወጋቸው ይገባል አለ። በሌላው ወገን ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ ነበር። ለአምስት ቀናት ጽሑፉን አነበበ። ከተሞቻቸውን፣ አስተዳደራቸውን፣ የእጅ ሥራቸውን ቆጠረ፤ የስፔናውያን የገዛ አያቶች በሮማውያን ዓይን አረመኔ ነበሩ ብሎም አስታወሰ። ሁለቱም የሚጠሩት አንድን ሕግ ነው። ልዩነቱ ላስ ካሳስ ወጣት ሳለ ሕንዶች የሚሠሩለት ባለርስት ሆኖ አብሯቸው ኖሮ፣ በ1514 ንስሐ ገብቶ የለቀቃቸው ሰው መሆኑ ነው። ሴፑልቬዳ ግን አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። ተፈጥሮን ለማንበብ ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል ብል የላስ ካሳስን ክርክር ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እሱም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ሕንዶቹን ለማዳን ብሎ በ1516 ጥቁር ባሮች እንዲመጡ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በእርጅናው አፍሪካውያኑም እንደ ሕንዶቹ በግፍ የተያዙ መሆናቸውን ተረድቶ በጻፈው ታሪክ ላይ ራሱን ወቀሰ። የቫላዶሊድ ዳኞች በ1551 ቁርጥ ያለ ፍርድ ሳይሰጡ ተበተኑ።

1621–1776፦ ከሳጥን የወጣው ሊቅና ዋሻ ውስጥ የገባው

የሃይማኖት ጦርነት አውሮፓን ሲከፍላት ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም የሚቀበለው መሠረት ተፈለገ። ሆላንዳዊው ሁጎ ግሮሺየስ በሎቭስታይን ግንብ ዕድሜ ልክ ታስሮ ሳለ ሚስቱ በ1621 የመጻሕፍት ሳጥን ውስጥ አስገብታ አስመለጠችው። ፓሪስ ተቀምጦ በ1625 ስለ ጦርነትና ሰላም ሕግ ያሳተመው መጽሐፍ፣ እግዚአብሔር የለም ቢባል እንኳ (ማለቱም ትልቅ ኃጢአት ቢሆን) ይህ ሕግ ዋጋ ይኖረው ነበር ይላል። በዚህች ዐረፍተ ነገር የተፈጥሮ ሕግ ከነገረ መለኮት ወጥቶ ለብቻው መራመድ ጀመረ። ያው ግሮሺየስ ሰው ፈቅዶ ራሱን ለባርነት ሊሸጥ እንደሚችል ተቀብሏል።

«ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍም ታሪኩን የሚያኖረው በዚህ ዘመን ነው፦ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የሃይማኖት ክርክር ሲበረታ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለ የአክሱም ሰው (ንጉሡ አይደለም) ሸሽቶ ለሁለት ዓመት በዋሻ ይኖራል፤ ሁሉም የኔ ሃይማኖት ብቻ እውነት ነው ሲል ዳኛው ማነው ብሎ ይጠይቅና ፈጣሪ በልብ ያኖረውን የልቡና ብርሃን ያገኛል። በዚያ ብርሃንም ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥ ከንቱ መሆኑን ይፈርዳል። መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ መነኩሴ የጻፈው የሚለው ክርክር ከኢጣልያዊው ሊቅ ከኮንቲ ሮሲኒ ጀምሮ እስካሁን አልበረደም። ባለቤቱ ማንም ይሁን፣ ፍትሐ ነገሥት አውጆ የተወውን እስከ መጨረሻው የተከተለ በግዕዝ የተጻፈ ድምፅ አለን።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 የተፈጥሮ ሕግን ወደ ተፈጥሯዊ መብት አዞረው፤ የባሪያ ንግድ የሚያካሂደው የሮያል አፍሪካን ኩባንያ ባለአክሲዮንም ነበር። ቶማስ ጄፈርሰን በ1776 በአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ላይ ሰው ሁሉ እኩል መፈጠሩን ጻፈ፤ በዕድሜ ዘመኑ ከ600 በላይ ባሮች ነበሩት። ባርነትን የታገሉት ጥቁሮች ግን ያንኑ ወረቀት አንሥተው በጸሐፊው ላይ መሰከሩበት።

1739–1874፦ ጥርጣሬው

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ከአሳብ ሰዎች ነው። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም በ1739 መታተም በጀመረው መጽሐፉ አንድ ነገር አስተዋለ። ሥነ ምግባር የሚጽፉ ሰዎች ነገሩ «እንዲህ ነው» እያሉ ቆይተው ድንገት «እንዲህ መሆን አለበት» ይላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩበትን ድልድይ ግን አያሳዩም። ሰው ለመውለድ ያዘነብላል ማለት መውለድ አለበት ማለት ነው? ለቁጣም ያዘነብላልና። በኔ ግምት በተፈጥሮ ሕግ ላይ ከተሰነዘሩት ጦሮች ሁሉ ያልተነቀለው ይህ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ሌላ ጨመረ፤ የፍጡራን አካል በዓላማ ሳይሆን በተፈጥሮ ምርጦሽ እንደተቀረጸ ሲያስረዳ የአሪስቶትል መሠረት ተናጋ። ጆን ስቱዋርት ሚልም እሱ ከሞተ በኋላ በ1874 በታተመው ድርሰቱ፣ ሰው ቢያደርጋቸው የሚሰቀልባቸውን ነገሮች ተፈጥሮ በየቀኑ ታደርጋቸዋለች ሲል አሳሰበ።

መጻሕፍቱ ሲከራከሩ ችሎት ደግሞ ይፈርድ ነበር። ማይራ ብራድዌል የሕግ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበረች፤ ፈተናውን አልፋ በኢሊኖይ የጥብቅና ፈቃድ ጠየቀች። ከለከሏት። በ1873 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን ሲያጸድቅ ዳኛ ብራድሊ በተለየ አስተያየቱ፣ የሴት ተፈጥሯዊ ዓይን አፋርነትና ልስላሴ ለብዙ ሥራዎች እንዳላበቃት ጻፈ። እዚህ ላይ ሴፑልቬዳ ካባ ለብሶ ከችሎት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የዘመኑን ልማድ ተፈጥሮ ብሎ መጥራት፣ ከዚያም ያንን በሰው ዕጣ ላይ ማተም።

1945–1968፦ የተፈጥሮ ሕግ መመለስ

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አብዛኛው የሕግ ሰው ሕግ ማለት በሥልጣን የወጣ ደንብ ነው፣ ጥሩነቱ ሌላ ጉዳይ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከዚያ ናዚዎች መጡ፤ ግፋቸውንም በሕግ ጋዜጣ እያወጡ ሠሩት። የጀርመን የፍትሕ ሚኒስትር የነበረውና በ1933 ከዩኒቨርሲቲ የተባረረው ጉስታቭ ራድብሩህ በ1946 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሕግ ከፍትሕ ጋር ያለው ግጭት የማይታገሡት ሲሆን፣ በተለይም እኩልነትን ሆን ብሎ ሲክድ፣ ጭራሹኑ ሕግ አይደለም አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ጉዳይ ያሳያል። በ1944 አንዲት ጀርመናዊት ባሏን ልትገላገለው ፈልጋ፣ ከጦር ሜዳ ለፈቃድ ሲመጣ ሂትለርን ሲነቅፍ ሰማሁት ብላ ጠቆመች። ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ግን ወደ ግንባር ተላከ። በ1949 እሷ ስትከሰስ ያደረግሁት በጊዜው ሕግ የተፈቀደ ነው አለች። ተፈረደባት። በ1958 የሕግ ፈላስፎቹ እንግሊዛዊው ሃርትና አሜሪካዊው ፉለር በዚህ ጉዳይ ላይ ተከራከሩ። ሃርት ክፉውን ሕግ ሕግ አልነበረም ከማለት፣ ሕግ ነበር፣ አሁን ግን ወደ ኋላ የሚሠራ ሕግ አውጥተን እንቀጣታለን ማለት ይበልጥ ሐቀኛ ነው አለ። ፉለር ደግሞ እንዲያ ያለው ደንብ መጀመሪያውኑ የሕግነት ውስጣዊ ሥነ ምግባር የጎደለው ነው አለ። የሃርትን ሐቀኝነት አከብራለሁ፤ አንቲጎኔ ብትጠየቅ ግን ከፉለር ጎን የምትቆም ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 1948 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶችን መግለጫ በ48 ድምፅ አጸደቀ፤ 8 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከ48ቱ አንዷ ናት። የባርነትን ሕጋዊነት በአዋጅ ከሻረች ገና 6 ዓመቷ ነበር። በዝግጅቱ የተሳተፈው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ሕግ ፈላስፋ ዣክ ማሪታን፣ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በመብቶቹ ዝርዝር የተስማሙት ለምን እንደሆነ እስካልተጠየቁ ድረስ መሆኑን ተናግሯል።

በሚያዝያ 1963 የአሜሪካ ጥቁሮች መብት ታጋይ ማርቲን ሉተር ኪንግ በበርሚንግሃም እስር ቤት ነበር። ነጭ ቀሳውስት ሕግ አክብር፣ ታገሥ የሚል መልእክት በጋዜጣ አውጥተውበታል። ወረቀት ስላልነበረው መልሱን በዚያው ጋዜጣ ጠርዝ ላይ መጻፍ ጀመረ። አውግስጢኖስንና አኲናስን ጠራ፤ የሰውን ሰብእና የሚያዋርድ ሕግ ፍትሕ የሌለበት ነው፣ ሂትለር ያደረገውም ሁሉ ሕጋዊ ነበር ሲል አስታወሳቸው። በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ተብሎ የተፈረደባቸው ሰዎች የልጅ ልጅ የአሪስቶትልን ደቀ መዝሙር ምስክር አድርጎ አቆመ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1968፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የተፈጥሮን ሕግ ጠቅሰው የወሊድ መከላከያን ከለከሉ፤ ጉዳዩን ያጠናው ኮሚሽን አብዛኛው አባል ግን ለውጥ መክሮ ነበር። ብዙ ካቶሊካውያን የአካልን አሠራር ከሥነ ምግባር ትእዛዝ ጋር አንድ ማድረግ ይቻላል ወይ ብለው ጠየቁ። የሂዩም ጥያቄ በባልና ሚስት መኝታ ቤት ገባ።

1980–1995፦ ወደ አንቀጽ 10

አውስትራሊያዊው የሕግ ፈላስፋ ጆን ፊኒስ በ1980 ለሂዩም መልስ ሊሰጥ ሞከረ። ከተፈጥሮ ሐቅ ግዴታን አላወጣም አለ፤ ሕይወት፣ ዕውቀት፣ ጨዋታ፣ ውበት፣ ወዳጅነት፣ ተግባራዊ ጥበብና ሃይማኖት የተባሉት ሰባት በጎ ነገሮች ማንም ሲያስብባቸው ያለ ማስረጃ የሚገለጡለት ናቸው። በዚህ ትምህርቱን ከዳርዊንም ከሂዩምም አዳነው፤ ግን ለአንዱ የተገለጠው ለሌላው ካልተገለጠ በምን እንዳኝ የሚለው የአኲናስ ጀርመኖች ጥያቄ እንዳለ ነው።

በኢትዮጵያ በ1994 ጸድቆ በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 ሰብአዊ መብቶችና ነጻነቶች ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩ ናቸው ይላል። ኡልጲያኖስ የተጠቀመበት፣ ፍትሐ ነገሥት የደገመው፣ ያው ቃል ነው፦ ተፈጥሮ። ፍትሐ ነገሥት ነጻነትንና ባርነትን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አስቀምጧቸው ነበር። በዚህኛው ከአንቀጽ 10 ስምንት አንቀጽ ዝቅ ሲሉ ማንም ሰው በባርነት እንዳይያዝ የሚከለክለው አንቀጽ 18 ይገኛል።